ሎኬሽን ምን እንደሆነ የነገሩን በርናባስ ፍቃዱ
(1965–2018 ዓ.ም.)

መምህርና ደራሲ በርናባስ ፍቃዱ ከአባታቸው ከአቶ ፍቃዱ ላምቦሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጫልቱ ገመዳ ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ፣ ዛሬ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከተማዋ ገና ስትሠራ ከከምባታ መጥተው የቀሩ አናጺ፣ እናታቸው የአርሲ ነገሌ ሰው ነበሩ። በግቢው ውስጥ ከምባትኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሲዳምኛ ስለሚነገር ወይዘሮ ጫልቱ «ይህ ልጅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያልም እንጃ» እያሉ ይስቁ ነበር። በርናባስ ካደጉም በኋላ ሰው ሲያወራ ቃሉን ነጥለው የማድመጥ ልማድ አልለቀቃቸውም። የሕይወታቸውን ትልቅ ሥራ የሠሩትም በዚሁ ልማድ ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1983 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም በመምህርነት ሠልጥነው በ1985 ዓ.ም. በአለታ ወንዶ የአማርኛ መምህር ሆነው ተመደቡ፤ በ1990 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ ተዛወሩ። ባህል አዳራሽ አካባቢ መጽሐፍ ከሚያከራይ አንድ ሱቅ ያልተከራዩት ልብ ወለድ አልነበረም። አንዱን ደጋግመው ከመውሰዳቸው የተነሣ ባለሱቁ «መምህር፣ ይኼኛውንስ ቢያገቡት ይሻላል» ብሎ እንደቀለደባቸው ራሳቸው ይተርኩ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. በርናባስ የመምህርነት ሥራቸውን ትተው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዙ። አብሯቸው የሄደው በአጥር የሚዋሰኗቸው የወይዘሮ አስካለ የበኩር ልጅ ናሆም ነበር። ናሆም ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ሰውን የሚያስቅ፣ ከበርናባስ በዕድሜ የሚያንስ ወጣት ነበር። ወይዘሮ አስካለ ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣ እያጸዱና እየሸጡ እርሱንና ታናሽ ወንድሙን በኃይሉን ያሳደጉ እናት ናቸው። በርናባስ ለምን እንደሄዱ ሲጠየቁ ምክንያት አያበዙም ነበር። ያን ጊዜ ከሰፈሩ ወጣት ሁሉ ይሄድ ስለነበረ መቅረት እንደ ስንፍና ይታይ ነበር ይሉ ነበር። ሁለቱ ሞያሌን አልፈው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ፣ ጥቂቱን በእግር፣ ብዙውን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ሆነው ደቡብ አፍሪካ ገቡ።

በደቡብ አፍሪካ ከከተማ ዳር ያለ፣ የአገሩ ድሆች የሚኖሩበት፣ የቆርቆሮ ቤት በቆርቆሮ ቤት ላይ የተጠጋጋበት ሰፈር ሎኬሽን ይባላል። የእኛ ልጆች የሚሠሩት በዚያ ነው። በርናባስና ናሆም መጀመሪያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክመው ከበር በር እየዞሩ ሸጡ፤ በኋላ እዚያው ሎኬሽን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሚሸጡት በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ነበር፤ የሚተኙትም ከሸቀጡ ጀርባ። ወደ ቤት ሲደውሉ የት እንዳሉ ይጠየቃሉ። «ሎኬሽን ነን» ይላሉ። ይህ እውነት ነበር።

ሐዋሳ ላይ ግን ይህ ቃል ሌላ ነገር ነው። የከተማችን ደላላ ቦታ ሲያሻሽጥ «ሎኬሽኑን እየው» ካለ አስፋልት ዳር፣ ወይም ሐይቁን የሚያይ፣ ለማንም የማይገኝ ቦታ ማለቱ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ አስካለ ልጃቸው ዋና መንገድ ላይ፣ ጥሩ ቦታ ይዞ እንደሚነግድ አድርገው ተረዱት። በዓሣ ገበያው የማያውቅ አልነበረም። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከራቸው «አንተ፣ እኔ እኮ ልጄ ሎኬሽን ላይ ነው» ይሉታል። ደንበኛውም «ታዲያ የሎኬሽን እናት አምባዛ በዚህ ዋጋ ትሸጣለች?» ብሎ ይመልስላቸዋል። ናሆም ይህን በስልክ ሰምቶ ከሳቀ በኋላ በርናባስን አደራ አላቸው፤ እናቱን ማንም እንዳያርማቸው፣ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ እንደሚነግራቸው።

በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ወር በውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ላይ ረብሻ ተነሣ። በርናባስ ያን ዕለት ዕቃ ሊያመጡ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ማማ ታንዴካ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት መንገድ ላይ ጎትተው ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። ከዚያም ወንበር አውጥተው በራፋቸው ላይ ተቀመጡና ሲመጣ ሲሄድ ለነበረው ሕዝብ ሰላምታ እየሰጡ እስኪመሽ ቆዩ፤ ማንም አልፏቸው አልገባም። በርናባስ ነፍሳቸውን ያተረፉት በእኚህ ሴት ወንበር እንደሆነ እስከ መጨረሻቸው ይናገሩ ነበር። ስለ ስደት ሲጽፉም የአገሩን ሰው በአንድ ቃል ክፉ ብለው ያላለፉት ለዚህ ነው። ናሆም ግን ሱቁ ውስጥ ነበር። ሱቁ ሲቃጠል ለደኅንነቱ ብሎ ከውስጥ የቆለፈውን ፍርግርግ በጭሱ ውስጥ መክፈት አልቻለም። ሌላ መውጫ አልነበረውም።

በርናባስ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ለአባታቸው ደወሉ። አቶ ፍቃዱም ለዕድሩ ሽማግሌዎች ነገሩ። ሽማግሌዎቹ፣ በዕድሩ ሰብሳቢ በአቶ አሰፋ መሪነት፣ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብለው መከሩ። ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ አስካለ ቤት ገብተው መርዶውን ሲያረዱ ናሆም ሳንባውን ታሞ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ፓስተር እየጸለየለት እንዳረፈ ነገሯቸው። ሣጥኑ ታሽጎ መጣ፤ ከሩቅ የመጣ አስከሬን አይከፈትም ተባለ፤ ተቀበረ። ይህን ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ ዛሬም ማንም አይወቅሳቸውም።

በርናባስ በ2003 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ወደ መምህርነታቸው ገቡ። በመጡ ሰሞን ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ይዘው በዓሣ ገበያው አዞሯቸውና «ይህ ከናሆሜ ጋር ሎኬሽን ላይ የነበረ ነው» እያሉ ለሁሉም አስተዋወቋቸው። በርናባስ ሁሉንም እየጨበጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የልብ ወለዳቸውን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር የጻፉት ያን ሳምንት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ባህል አዳራሽ አጠገብ የልብስ ስፌት ሥራ ካላቸው ከወይዘሮ ኢየሩስ ጋር ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጸሙ፤ ህሊና እና ኢያኤል የሚባሉ ሁለት ልጆችም አፈሩ። ወይዘሮ ኢየሩስ የባለቤታቸው የመጀመሪያ አንባቢ ነበሩ፤ ቀላል አንባቢም አልነበሩም። በርናባስ ስለ ስደት የሚጽፉትን ልብ ወለድ በ2006 ዓ.ም. ጨርሰው ሲሰጧቸው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ታምሩ የተባለው ወጣት የሚሞተው ሽማግሌዎቹ እንዳወሩት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ወይዘሮ ኢየሩስ ሦስት ምሽት አንብበው መለሱላቸውና «ይህ ልጅ እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለውም። አንተ ነህ ያሳመምከው» አሏቸው።

በርናባስ ምዕራፉን ቀደው እንደገና ጻፉት፤ ሱቁን፣ ጭሱን፣ ከውስጥ የተቆለፈውን ፍርግርግ፣ እንደነበረ። ስሙ የተለወጠ፣ ሰፈሩም የተለወጠ ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ታምሩ ማን እንደሆነ ማወቁ አይቀርም ነበር፤ ያወቀውም ለወይዘሮ አስካለ ማውራቱ አይቀርም ነበር። አንዲት እናት የልጇን አሟሟት ከገበያ ወሬ እንድትሰማ በርናባስ አልፈለጉም። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ራሳቸው ሊያነቡላቸው ወሰኑ።

ወይዘሮ አስካለ ፊደል አልቆጠሩም። ከገበያ ሲመለሱ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ በርናባስ ያነባሉ። እንደ ጥሩ ሐያሲ ያርሟቸው ነበር። የታምሩ እናት መናኸሪያ ላይ ስታለቅስ የሚያሳየውን ገጽ ሲሰሙ አስቆሟቸው። እርሳቸው መናኸሪያ ላይ እንዳላለቀሱ፣ ያለቀሱት ቤት ገብተው በር ዘግተው እንደሆነ ነገሯቸው፤ በርናባስም አስተካከሉት። ቀጥሎ ልጆቹ ሎኬሽን የሚደርሱበት ምዕራፍ መጣ፤ ቆርቆሮው፣ ጭቃው፣ ለውኃ የሚሰለፈው ሰው። ወይዘሮ አስካለ «ሎኬሽን እንዲህ ነው?» አሉ። በርናባስ አዎ አሉ።

«ታዲያ ለእኔ ለምን እንደዚያ መሰለኝ?»

«ቃሉ ነው እትዬ። ቃሉ አሳስቶን ነው።»

ንባቡ ቀጠለ። የእሳቱ ምዕራፍ ሲያልቅ ወይዘሮ አስካለ አላለቀሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍርግርጉ የተቆለፈው ከውስጥ ነበር ወይ? በርናባስ ከውስጥ እንደነበር መለሱላቸው። ተነሥተው ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፋሲካ እስከ መስቀል በርናባስን አላናገሩም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ሽማግሌዎቹም መጥተው በርናባስን ገሠጿቸው። አቶ አሰፋ «እኛ የሸፈንነውን ቁስል አንተ ገለጥከው» አሉ፤ በርናባስም አንገታቸውን ደፍተው ሰሟቸው። ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ያን ምዕራፍ አውጥተው ቢሰጡት ወዲያው እንደሚያትመው ነገራቸው። የበርናባስ መልስ አጭር ነበር፤ ምዕራፉ ከወጣ መጽሐፍ እንደማይሆን፣ እትዬ አስካለ ካልፈቀዱም እንደማይታተም። ጽሑፉን ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት። ወይዘሮ ኢየሩስ እንደሚሉት በዚያ ወራት ባለቤታቸው ቤት ውስጥ የሚሄዱት ሰው የተኛ ይመስል በቀስታ ነበር።

ከመስቀል በኋላ በአንድ ቅዳሜ ወይዘሮ አስካለ በጥቁር ፌስታል ዓሣ ይዘው የበርናባስን በር አንኳኩ። ፌስታሉን ለወይዘሮ ኢየሩስ ሰጥተው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«በኃይሉ ባጃጁን ሊሸጥ ነው። ወንድሜ የነበረበት ሎኬሽን እገባለሁ ይለኛል። እኔ ብነግረው አይሰማኝም። ያንን ምዕራፍ አንብብለት።»

ከዚያም «ለእርሱ ካነበብክለት ለሰው ሁሉ አንብብ» አሉ። መጽሐፉ የተፈቀደው በዚህ ቃል ነው።

በኃይሉ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባና ምዕራፉን አዳመጠ። ብዙ ጥያቄ ጠየቀ፤ ስለ ሱቁ ስፋት፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጀርባው ግድግዳ። በርናባስ የሚያውቁትን ሁሉ መለሱለት። መጽሐፉ «ሎኬሽን ነው ያለሁት» በሚል ርእስ በ2008 ዓ.ም. ታተመ። ሲመረቅ ወይዘሮ አስካለ ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ አቶ አሰፋም ከጎናቸው።

ይህ ጽሑፍ መጽሐፉ በኃይሉን አስቀርቶታል ቢል ደስ ባለን፤ ነገር ግን በርናባስ ይህን ውሸት አይወዱልንም። በኃይሉ በ2009 ዓ.ም. ባጃጁን ሸጦ ሄደ። እናቱ ሲሸኙት አንድ ነገር ብቻ አስማሉት፤ ደህና ሳይሆን «ደህና ነኝ» እንዳይላቸው። እርሱም እስከ ዛሬ በየእሑዱ ሲደውል የከፋውን ከፋኝ፣ የራበውን ራበኝ ይላል፤ ደስ ያለው ዕለትም ደስ ብሎኛል ሲል እናቱ ያምኑታል። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሲከፍት ደግሞ መጀመሪያ ያሠራው የኋላ በር ነው። በ2011 ዓ.ም. ሱቁ በተዘረፈ ጊዜ ሸቀጡ ሁሉ ሲሄድ እርሱ በዚያ በር ወጣ። ዜናው ሐዋሳ ሲደርስ ሰዎች በርናባስን ሊያመሰግኑ መጡ። እርሳቸው ግን «በሩን የሠራው በያጁ ነው፤ እርሱን አመስግኑ» ብለው ሸኟቸው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻቸውን ወደ ሐይቁ ወርደው አምሽተው እንደተመለሱ ቤተሰቡ ያስታውሳል።

ከዚያ ወዲህ በርናባስ በ2014 ዓ.ም. አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አሳትመዋል። ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ ልጆቻቸው በሊቢያ በኩል የሄዱባቸው አባቶች ቤታቸው እየመጡ ያጫውቷቸው ነበር። የሚነገራቸውን ከመጻፋቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ያልሰማ የቤት ሰው አለ ወይ? ካለ አስቀድመው ወደዚያ ሰው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ዓመት ይቆይ ነበር፤ ጥቂቱ ጭራሽ አልታተመም። ለተማሪዎቻቸውም ድርሰት ሲያርሙ ቀይ መስመር የሚያሰምሩት ከፊደል ስህተት ይልቅ «እጅግ በጣም አሳዛኝ» በሚለው ሥር ነበር፤ ከጎኑ «ምን ሆነ?» ብለው ይጽፋሉ። ዛሬ ከመካከላችን ያሉ ብዙ ተማሪዎቻቸው ይህን ሲሰሙ ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን።

በርናባስ ቁጡ አልነበሩም፤ ግን እልኸኛ ነበሩ። የባለቤታቸውን መቀስ ወረቀት ለመቁረጥ እየወሰዱ ያደንዙባቸው ነበር፤ በዚህ ጉዳይ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ዕርቅ አልተደረሰም። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አስተምረዋል። ዘወትር ሲጸልዩ ማማ ታንዴካን በስም ይጠሩ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት በጉበት ሕመም ታመሙ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ቤተሰቡን ለብቻ ሊያናግር ሲጠራ፣ በርናባስ አልጋቸው ላይ ሆነው እርሳቸውም እንዲሰሙ በትሕትና ለመኑት። ሐኪሙም ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው። አመሰገኑት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በቤታቸው ውስጥ በሹክሹክታ የተነገረ ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ የመጣበትን ጉዳይ በግልጽ ይናገር ነበር፤ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፤ የሚስቀውም ይስቃል። ይህ ትልቅ ስጦታ እንደነበር አሁን ይታወቀናል።

ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ወይዘሮ ኢየሩስ እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄዱ።

ያን ዕለት የዕድሩ ሽማግሌዎች በኃይሉን እንዴት እንደሚያረዱት መከሩ። በየሳምንቱ እየደወለ የበርናባስን ጤና ይጠይቅ ስለነበር፣ ለጊዜው ሕመሙ ጠንክሯል ይባል፣ ቀስ ብሎ ይነገረው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወይዘሮ አስካለ ከለቅሶው መካከል ተነሥተው ስልኩን ጠየቁ። የተናገሩትን የሰማን ሁሉ አንረሳውም።

«በኃይሉ፣ ደንበኛ ካለ ሸኘውና ተቀመጥ። በርናባስ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ጉበቱን ነበር የታመመው፤ ታውቀዋለህ። ኢየሩስ አጠገቡ ነበረች። ብዙ አልተሠቃየም፣ ትንሽ ግን ተሠቃይቷል። የሆነው ይህ ነው፤ ያስቀረሁብህ ነገር የለም። አሁን አልቅስ፤ እኔም እዚህ አብሬህ አለሁ።»

ስልኩን ሳይዘጉ ረጅም ጊዜ አብረው አለቀሱ። አቶ አሰፋ ከወንበራቸው ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው።

በርናባስ ፍቃዱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢየሩስን፣ ልጆቻቸውን ህሊናን እና ኢያኤልን፣ በአንድ አጥር እንደ እናት የኖሩላቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ በባሕር ማዶ እንደ ወንድም የሚወዱትን በኃይሉን፣ እንዲሁም በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ዓርብ ጥር 15 ቀን ይፈጸማል። በሕመማቸው ጊዜ ላከሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለጸለዩላቸው ምእመናን፣ ዓሣ ይዘው እየመጡ ለጠየቋቸው የአሞራ ገደል ሰዎች፣ ለዕድሩም ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የሰውን ታሪክ ሁሉ ሳይሸፈን የሚያውቅ አምላክ የበርናባስን ነፍስ በሰፊ በር ያስገባልን። ለቤታቸው መጽናናትን፣ ለማማ ታንዴካ ረጅም ዕድሜን ይስጥ። በየሎኬሽኑ ያሉትን ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሜን።